የነካ ነካ እንቁላሎች

ሰው ማሽን አይንካ ማለት ምን ያስቸግራል? ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የምጮኸው ይህንኑ ነው። ጀነሬተሩን እተክላለሁ፤ ከቤቱ መስመር ጋር አገናኘዋለሁ፤ መብራት ሲጠፋ በራሱ እንዲነሳ፣ መብራት ሲመጣም በራሱ እንዲያርፍ አድርጌ አስተካክለዋለሁ። ባለቤቶቹን አጠገቡ አቁሜ አንድ በአንድ አሳያቸውና «አደራችሁን፣ አትንኩት» ብዬ እወጣለሁ። ወር አይሞላም፣ ስልኬ ይጮኻል። አንዱ ድምፁ ከቀትር እንቅልፍ ቀሰቀሰኝ ብሎ ባትሪውን ነቅሎታል። አንዷ ጭስ ማውጫው ላይ ብርድ ልብስ አስጥታ ግማሹ ሲነድባት «ማሽንህ እሳት ተፋብኝ» ትለኛለች። ማሽንህ! የወለድኩት ልጅ ይመስል።

ባለቤቴ «አንተ ከጀነሬተሮቹ ቀድመህ ነው የምትነሳው» ትለኛለች። ቱግ ባይ ነኝ፣ አልክድም። ቢሆንም ሥራዬን ጠንቅቄ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። አሁን የማወራችሁን ነገር እስከ ዛሬ ለእሷ ብቻ ነው የነገርኳት፤ ሁልጊዜ የምትስቅብኝ ሴት ያን ቀን አልሳቀችም። ይኸው ስንት ጊዜ ሆነው፣ ንዴቱ ግን ዛሬም አልበረደልኝም።

ነገሩ የሆነው አዋላጇ ቤት ነው። እኚህ ሴትዮ ሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ሲያዋልዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ዝም ብሎ መቀመጥ አላስችል ብሏቸው ጫጩት ማዋለድ ጀመሩ። ይህን ቀልድ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸውም ወደውት ለእንግዳ ሁሉ ይናገሩታል። ከመኖሪያ ቤታቸው ጀርባ ዕቃ ቤት የነበረችውን ክፍል አጽድተው፣ ነጭ ቀለም አስቀብተው፣ ስድስት መቶ እንቁላል የሚይዝ ማስፈልፈያ አስገቡባት። ማስፈልፈያ ማለት ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር ነው፤ ውስጡ ማሞቂያና ማራገቢያ አለው። እንቁላሎቹ ሃያ አንድ ቀን እዚያ ውስጥ በአንድ ዓይነት ሙቀት መቆየት አለባቸው። መብራት ለአንድ ሰዓት ቢጠፋ ይችሉታል። ግማሽ ቀን ከጠፋ ግን በተለይ መፈልፈያቸው ከደረሰ ታፍነው ያልቃሉ። እኔን ጠርተው ጀነሬተር ያስተከሉት ለዚህ ነው።

ማስፈልፈያውን የሚጠብቀው ታናሽ ወንድማቸው ነበር። አርባ ዓመት አልፎታል። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ያልሞከረው ሥራ፣ ያልተባረረበት ቦታ የለም። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እጁ አያርፍም። ያየውን ሁሉ ካልነካ፣ ካልፈታ፣ ካላገላበጠ አይሆንለትም። የእህቱን የግድግዳ ሰዓት ፈታቶ መልሶ ሲገጥም ሦስት ብሎን ተርፎታል። ልብስ ማጠቢያውን «ላስተካክለው» ብሎ ኮሪደሩን ሐይቅ አድርጎታል። እኔም «ነካ ነካ» ብዬ ስም አወጣሁለት፤ ስልኬ ላይም በዚሁ ስም መዘገብኩት። መጠጥ ጀምሮ፣ ትቶ፣ ደግሞ ጀምሮ፣ ደግሞ ትቶ በመጨረሻ እህቱ ዘንድ ሲመጣ ጓዙ አንድ ፌስታል ነበር አሉ።

አዋላጇ ከማስፈልፈያው ክፍል አጠገብ አልጋ ዘረጉለት። «ስማኝ» አሉት፣ እኔ ሽቦ እየዘረጋሁ እሰማለሁ፤ «ይህች የመጨረሻህ ናት። ይህንንም ካበላሸህ እኔም አልችልም፤ መንገድህን ትፈልጋለህ።»

«እሺ እቴቴ» አለ።

እንግዲህ እውነቱን እንናገር ከተባለ አላበላሸም። ሁለት ጊዜ አስፈለፈለ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጥሩ አድርጎ። ሙቀቱን በየሁለት ሰዓቱ ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር፤ ለዚያውም በዚያ የሚንቀዠቀዥ እጁ፣ ቁጥሩን በመስመር በመስመር አስተካክሎ። የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች የወጡ ቀን እኔ ለሌላ ጉዳይ ብቅ ብዬ ነበር። አንዷን በመዳፉ ይዞ ወደ መኪናዬ ሮጦ መጣ። «ይዩ ጋሼ፣ እጄ ላይ ናት! ምንም አልሆነችም!» አለኝ። ሰው በጫጩት እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም። «ተጠንቀቅ፣ ብሎኗን እንዳትፈታት» አልኩት። እሱም ሳቀ፣ እህቱም ሳቁ።

ሦስተኛው ዙር በገባ በዐሥራ አንደኛው ቀን ለሰርቪስ ሄድኩ። ጀነሬተሩ የቆመው ከክፍሏ በስተኋላ፣ ከአጥሩ ጥግ ባለች የሲሚንቶ መደብ ላይ ነው። መቆጣጠሪያው ላይ ሦስት ቁልፎች አሉ፤ አውቶ፣ ማኑዋል፣ ኦፍ። ሰርቪስ ስጀምር መጀመሪያ የማደርገው ኦፍ መጫን ነው። አውቶ ላይ ከተውኩት፣ መብራት በጠፋ ሰዓት እጄ ውስጡ እያለ በራሱ ተነስቶ ጣቴን ይዞት ይሄዳል። ኦፍ ላይ አድርጌ ዘይቱንና ፊልትሮውን እቀይራለሁ፤ ባትሪውን እለካለሁ፤ በማኑዋል አስነስቼ አዳምጠዋለሁ፤ አጠፋዋለሁ። በመጨረሻ አውቶ ላይ መልሼ የቤቱን ዋና ብሬከር ዝቅ አደርጋለሁ። ቤቱ ጨልሞ ጀነሬተሩ በራሱ ሲነሳ በዓይኔ ካላየሁ ከግቢ አልወጣም። ሌላው ባለሙያ ጨርቅ ጣል ጣል አድርጎበት ካርዱ ላይ ፈርሞ ይሄዳል። እኔ እንደዚያ አይደለሁም እያልኩ ስኩራራ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ያን ቀን በማኑዋል አስነስቼ ሳዳምጠው አየር እንዳጠረው ሰው ያቃስታል። ኦፍ ብዬ አጠፋሁትና ዞሬ ባየው፣ ወይ ጉድ! አየር ማስገቢያው ላይ የጫጩት መኖ ተደርድሯል። አንድ ጆንያ አይደለም፣ ሁለት አይደለም፣ ስድስት ጆንያ! በላዩ ላይ ደግሞ ካርቶን ለብሷል። ማን እንዳደረገው መጠየቅ ያስፈልጋል? ደሜ ፈላ።

«አንተ! ና እስቲ ወዲህ!»

ነካ ነካ እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ። «አቤት ጋሼ?»

«ይህ ምንድን ነው?»

«መኖ ነው ጋሼ።»

«መኖ መሆኑንማ ዶሮም ያውቀዋል! እዚህ ምን ይሠራል ነው የምልህ!»

«ከፀሐይ ይከልለዋል ብዬ ነው… ማሽኑ እንዳይግል።»

እንዳይግል! አፍንጫውን ደፍኖት እንዳይግል! ከዚያ በኋላ ልክ ልኩን ነገርኩት። የሰዓቱን አነሳሁበት፣ የልብስ ማጠቢያውን አነሳሁበት፣ በመጨረሻም የመጠጡን አነሳሁበት። የመጠጡን ማንሳት አልነበረብኝም። ጫጩት ለመግዛት ሊመዘገቡ የመጡ ሁለት ጎረቤቶች በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። እሱ አንገቱን ደፍቶ «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» ይላል፤ እሺ ባለ ቁጥር እኔ ይብስብኛል። በመጨረሻ ጣቴን አፍንጫው ሥር ቀስሬ፣ «ሁለተኛ እጅህን እዚህ ማሽን ላይ ባይ እቆርጠዋለሁ! ቢነሳም አትንካው፣ ባይነሳም አትንካው፣ ቢቃጠልም ቆመህ እየው! ገባህ?» አልኩት።

«ገባኝ ጋሼ።»

ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አሸክሜ ሌላ ጥግ አስወሰድኩት። ከዚያ ዕቃዬን ሰብስቤ የመኪናዬን በር ደርግሜ ዘግቼ ወጣሁ። አዋላጇ «ሻይ እንኳ ሳትጠጣ?» ብለው ሲጠሩኝ በቅጡ አልመለስኩላቸውም። መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ስናገር ነበር የሄድኩት።

ከስምንት ቀን በኋላ ሌላ ሰፈር አዲስ ጀነሬተር እየተከልኩ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ፤ ሳወጣው «ነካ ነካ» ይላል። ንዴቴ ገና አልወጣልኝም ነበርና «ደግሞ ምን ነክቶ ይሆን» ብዬ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ደግሞ ጮኸ። ደግሞ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። የምሠራላቸው ሰውዬ «አይነሳም እንዴ?» ሲሉኝ፣ «የማይረባ ሰው ነው» አልኳቸውና ድምፁን አጠፋሁት። መብራት የመጣው ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ሥራዬን ጨርሼ ስልኬን ሳይ ዘጠኝ ጊዜ ደውሏል። ዐሥረኛው የአዋላጇ ነበር። እሳቸው ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራቸውና ቀኑን ሙሉ ቤት አልነበሩም። መልሼ ደወልኩላቸው።

«ማሽንህ አልተነሳም» አሉኝ። «እንቁላሎቼ አልቀዋል።»

ማሽንህ። እንደገና ያቺ ቃል። «የእኔ ማሽን አይነሳም አይባልም እትዬ» አልኳቸው። «ሰው ነክቶት ነው። ነገ በጠዋት እመጣለሁ፣ የነካውንም ሰው አሳይዎታለሁ።»

በማግስቱ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ደረስኩ። ነካ ነካ የማስፈልፈያው ክፍል ወለል ላይ ተቀምጧል። በግራው ትሪ፣ በቀኙ ባልዲ። እንቁላል ያነሳል፤ በእጅ ባትሪ ያበራበታል፤ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየ ቀስ አድርጎ ትሪው ላይ ይመልሰዋል። ካላየ ትንሽ ይጠብቃል፣ ደግሞ ያበራል፣ ከዚያ ባልዲው ውስጥ ያስቀምጠዋል። አይጥለውም፤ ያስቀምጠዋል። አንድ ባልዲ ሞልቶ ሁለተኛው ተጀምሯል። ትሪው ላይ ያሉት ሠላሳ አይሞሉም። ዓይኑ ቀልቷል። ዛሬ ይህን ሁሉ አስታውሰዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን የታየኝ ጥፋተኛ ሰው ብቻ ነው። እንደምን አደርክ እንኳ አላልኩትም።

በቀጥታ ወደ ጀነሬተሩ ሄድኩ። ከሦስቱ ቁልፎች የበራችው የኦፍ መብራት ናት።

«ይኸው!» ብዬ ጮኽኩ። «እትዬ፣ ይምጡና ይዩ! ኦፍ ላይ ነው! ኦፍ ላይ ያለ ማሽን ሺህ ዓመት ቢጠብቁት አይነሳም! ማን ነው ይህን የተጫነው?»

አዋላጇ ሹራባቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። ነካ ነካም የእጅ ባትሪውን እንደያዘ ከኋላቸው መጣ።

«አንተ ነህ?» አሉት።

«አልነካሁም እቴቴ። መብራቱ ሲጠፋ ሮጬ መጣሁ፤ አልተነሳም። ጋሼ አትንካ ስላሉኝ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ። ደወልኩላቸው። ከዚያ እንቁላሎቹን በብርድ ልብስ ሸፈንኳቸው፣ ደግሞ ታፈኑ ብዬ ገለጥኳቸው…»

«ስለ ብርድ ልብስ ማን ጠየቀህ!» አልኩት። «ሳይነኩት ብቻውን ኦፍ ሆነ? ነፋስ ነው የተጫነው? ጫጩቶቹ ናቸው? እስቲ አስብ! ሰርቪስ ካደረግሁት ወዲህ አንድም ቀን እዚህ አልደረስክም?»

የእጅ ባትሪውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አንድ ቀን… በማግስቱ አቧራውን ወልውዬለት ነበር። በደረቅ ጨርቅ። ጋሼ ሲመጡ ንጹሕ ሆኜ ይዩኝ ብዬ… ማለቴ፣ ንጹሕ ሆኖ ይዩት ብዬ።»

«መቆጣጠሪያውንም ወልውለኸዋል?»

«እሱንም።»

«በለው!» አልኩ። ደስ አለኝ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ነው ያለኝ። «ስትወለውል ተጫንከዋ!»

«አልመሰለኝም ጋሼ። ቀስ ብዬ ነው የ…»

«ታዲያ ማነው? እኔ ነኝ?»

እኔን አየኝ፤ ከዚያ እህቱን አየ፤ ከዚያ ሁለት እጆቹን ገልብጦ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ተመለከታቸው። «ተጭኜው ይሆናል» አለ። «እኔ ነኝ መሰለኝ። ሌላ ማን ይሆናል? እኔ ነኝ እቴቴ።»

አዋላጇ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። «እኔ ደክሞኛል ወንድሜ» አሉት። «ማስፈልፈያውን የሚወስድልኝ ሰው አለ፤ እሰጠዋለሁ። አንተም እስከ እሑድ የምትሄድበትን ፈልግ።»

«እሺ እቴቴ።»

እሳቸው ወደ ቤት ገቡ፤ እሱም ወደ ባልዲው ተመለሰ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ይበቃው ነበር። እኔ አልበቃኝም። ነገ በሰፈሩ «የእሱ ማሽን አይነሳም» ተብሎ ቢወራስ? መቆጣጠሪያው የተደረገበትን ሁሉ በቀንና በሰዓት ይመዘግባል፤ የትኛው ቁልፍ መቼ እንደተጫነ፣ መቼ እንደተነሳ፣ መቼ እንደቆመ። መዝገቡ የሚከፈተው በኮድ ነው፣ ኮዱም ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነው። ፎቶ አንስቼ ለሴትዮዋ እሰጣቸዋለሁ፣ ነካ ነካ የነካበትን ደቂቃ ሳይቀር ያዩታል ብዬ ከፈትኩት።

መጨረሻ የተጫነው ቁልፍ ኦፍ ነው። ቀኑ የሰርቪሱ ቀን ነው። ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአርባ። ከዚያ በፊት አራት ሰዓት ከሠላሳ ስድስት ላይ ማኑዋል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ስምንት ቀን ሙሉ መብራት አልጠፋም፣ ቁልፍም አልተነካም። ከዚያ ትናንት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአምስት፣ መብራት ጠፋ፣ ማሽኑ ኦፍ ላይ ነው።

ቀኑ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ የማሽኑን ሰዓት ከእጅ ሰዓቴ ጋር አስተያየሁት፤ አንድ ደቂቃ አላዛነፈም። ያን ቀን መለስ ብዬ አሰብኩት። በማኑዋል አስነሳሁ፣ ኦፍ ብዬ አጠፋሁ፣ ዞርኩ፣ ጆንያ አየሁ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ጩኸቴን ብቻ ነው። እያንዳንዱን ስድብ አስታውሳለሁ። አውቶ መጫኔን አላስታውስም። ብሬከሩ ጋ መሄዴን አላስታውስም። አልሄድኩማ! ሃያ ሦስት ዓመት ስኩራራበት የኖርኩትን ነገር በስድስት ጆንያ መኖ ረሳሁት።

መዝገቡን ማጥፋት ይቻላል። «ሁሉም ይጥፋ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ ካልክ ያልቃል። እዚያ ገጽ ድረስ ደረስኩ። አልዋሻችሁም፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። በሆዴ የማልረግመው አልነበረም፤ ማሽኑን የሠሩትን፣ መብራቱን ያጠፉትን፣ መኖውን የሸጠውን። «ይህ ሰው መቼም ሌላ ነገር ማበላሸቱ አይቀርም። ዛሬ ባይባረር በወሩ ይባረራል። እኔ ግን ስሜ ከጠፋ ማን ይጠራኛል?» ብዬ አሰብኩ። ይህን ያሰብኩት እኔው ነኝ፣ ሌላ ሰው አይደለም።

ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ነካ ነካ ባልዲውን ይዞ ቆሟል። ማሽኑ አጠገብ ላለመድረስ ራቅ ብሎ ነው የቆመው።

«ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የነካሁት? ይናገራል?»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ለእቴቴ በትክክል ልነግራት ነው። ሁልጊዜ ስትጠይቀኝ አላውቅም እላታለሁ፤ እሱ ነው የሚያናድዳት። አሁን እንኳ አውቄ ልንገራትና ልሂድ ብዬ ነው።»

በሕይወቴ ብዙ ተቆጥቻለሁ፤ እንደዚያ ግን ተቆጥቼ አላውቅም።

«አልነካህም!» ብዬ ጮኽኩበት። «አልነካህም አንተ ሰውዬ! ምን ሆነሃል? ያልሠራኸውን ሠራሁ ትላለህ? አፍ የለህም? ሰው ሲወነጅልህ እምቢ አትልም? እኔ ነኝ! ኦፍ ላይ ትቼው የሄድኩት እኔ ነኝ! አንተ ላይ ስጮህ ረሳሁት! ይኸው፣ ና አንብበው!»

ጥፋቴን የተናገርኩት በዚያው በምሳደብበት ድምፅ ነው፤ ሌላ ድምፅ የለኝም። ጎረቤቱ ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም። አዋላጇ በሩን ከፍተው ወጡ።

ነካ ነካ ከቆመበት አልተነቃነቀም። «እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?» አለኝ። «እኔ አለመሆኔን እርግጠኛ ነዎት?»

«ና አንብብ አልኩህ!»

ባልዲውን አስቀምጦ ቀረበ። ማንበብ አያቅተውም፤ ግን «ያንብቡልኝ» አለ። አነበብኩለት። «እንደገና» አለ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁልፉን እንደገና አነበብኩለት። አዋላጇ መነጽራቸውን አድርገው በትከሻዬ በኩል ተመለከቱ።

«ከአንተ በኋላ ማንም አልነካውም ማለት ነው?» አሉኝ።

«ማንም።»

«የወለወለበት ጨርቅስ?»

«ጨርቁም አልተጫነውም እትዬ። ቢጫነው ኖሮ እዚህ ይታይ ነበር።»

እሳቸው ወንድማቸውን ቀና ብለው ማየት አልቻሉም። እሱ ግን ዓይኑን ከቁልፎቹ ላይ አላነሳም።

«የትኛው ነበር መጫን ያለበት?» አለ።

«አውቶ። ይቺ።»

«አንዴ ብቻ?»

«አንዴ ብቻ።»

«ሰባት ሰዓት ሙሉ ፊቷ ስመላለስ ነበርኮ» አለ። «ስሟ ተጽፎባታል፤ አንብቤያታለሁ። ልጫናት ብዬ ነበር። አትንካ ብለውኝ ነው የተውኳት።»

ድምፁ ገና አልተለወጠም ነበር።

«ዘጠኝ ጊዜ ደወልኩልዎ። ስልክዎ አጠገብዎ አልነበረም?»

አልነበረም ማለት እችል ነበር። «ነበር» አልኩ።

«አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ተናድጄብህ ነበር» አልኩት። ሌላ ምን ምክንያት ነበረኝ?

ያን ጊዜ ነው ፊቱ የተለወጠው። የሚንቀዠቀዡት እጆቹ ቀጥ አሉ። አርባ ዓመት ሙሉ እሺ ሲል የኖረ ሰው እንዲህ ሲሆን አይቼ ስለማላውቅ አሞት መስሎኝ ልይዘው እጄን ዘረጋሁ።

«ውጣ» አለኝ።

«ቆይ እስቲ፣ ማሽኑን ላስተካ…»

«ውጣ አልኩህ! እጅህን ከማሽኑ ላይ አንሳ! ከዚህ ግቢ ውጣልኝ!»

አንቱታውም ጋሼውም ቀረ። ያበርዱታል ብዬ ወደ አዋላጇ ዞርኩ። እሳቸው «ሰምተኸዋል» አሉኝ። ነካ ነካ የመሣሪያ ሣጥኔን አንጠልጥሎ ቀድሞኝ ወደ በር ሄደና ውጭ መንገዱ ላይ አስቀመጠው። ካቻቢቴዎቹ ተንኳኩ። እኔም ተከትዬው ወጣሁ። በዚያ ግቢ ውስጥ እንደዚያ ዝም ብዬ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እንቁላሎቹን እኔ እተካለሁ» አልኩት በሩ ላይ።

«እንቁላሉንስ ትተካለህ» አለ። «እህቴ ፊት እኔ ነኝ ያስባልከኝን በምን ትተካዋለህ?»

በሩን ዘጋብኝ። ሣጥኔ እግሬ ሥር እያለ እዚያው ቆምኩ። ንዴቴ ገና እንዳለ ነበር፣ የምጮህበት ሰው ግን አልነበረም። መሄድም አቃተኝ። ከበሩ ወዲያ ድምፁን ሰማሁት። ወደ ማስፈልፈያው አልተመለሰም፤ ግቢው መሀል ቆሞ ነው የሚጮኸው፣ አሁን በእኔ ላይ አይደለም።

«አንቺስ እቴቴ? አንቺስ? እሱስ ባዳ ነው! አንድ ጊዜ እንኳ እርግጠኛ ነህ ወይ ብለሽ አልጠየቅሽውም! አንቺም አመንሽው!»